ለልጃችን ስለ መልኩ መጀመሪያ የሚነግረው ማን ነው?

(በወጣት ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ ይዘን የመጣነው ነገር ትንሽ ይመስላል። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ፃቫ፣ ስለ ፖሊስ ብንናገር ማንም "ለምን?" አይለንም ነበር። እኛ ግን የምንናገረው ስለ ሕፃናት የስዕል መጽሐፍ ነው። በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ያለው፣ የቀረው ሁሉ ስዕል የሆነ፣ ልጅ ከመተኛቱ በፊት የሚነበብለት ቀጭን መጽሐፍ። "ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው" የምትሉ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሡን።

እኛ የማኅበሩ ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ማትናስ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች መጽሐፍ እናነባለን። ከንባቡ በኋላ ወረቀትና የቀለም እርሳስ እንሰጣቸዋለን። "በሉ አሁን ራሳችሁን ሳሉ" ስንላቸው፣ ብዙዎቹ የኛ ልጆች እጃቸውን የሚሰዱት ወደ አንድ እርሳስ ነው። ይህን እርሳስ እዚህ አገር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በዕብራይስጥ "ጼቫ ጉፍ" ይሉታል፤ የገላ ቀለም ማለት ነው። መልኩ የተላጠ ኮክ ይመስላል። በሳጥኑ ውስጥ ቡናማም አለ፣ ጥቁርም አለ። ልጆቹ ቡናማውን ለዛፍ ግንድና ለውሻ ይጠቀሙበታል፤ ለራሳቸው ፊት ግን "ጼቫ ጉፍ" ስጡን ይላሉ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቡናማውን ብናቀብላት "ይሄ የገላ አይደለም" ብላ መለሰችልን። አልተናደደችም፣ አላዘነችም። ልክ "ይሄ ማንኪያ ነው፣ ያ ሹካ ነው" እንደሚባለው፣ የተማረችውን ነው የነገረችን።

ይህች ልጅ ማንም ሰድቧት አይደለም። የእርሳሱ ስም ብቻ ነው ያስተማራት። እኛን ያሳሰበን እሱ ነው።

እስቲ አማርኛችንን እናስበው። በአያቶቻችን አፍ የሰው መልክ ስንት ስም አለው? ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ። በአንድ ቤት ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ ቀይ፣ አንዷ ጠይም ይባላሉ። ጠይም ሲባል ደግሞ ውበት ነው፤ ሙሽራ የሚመሰገንበት ቃል ነው። ታዲያ ይህ ጠይም ልጅ በሦስት ዓመቱ ጋን ይገባል። እዚያ ሲደርስ ያ ሁሉ ስም ይጠፋና አንድ ቃል ብቻ ይቀራል፦ "ሻሖር"። አንዳንዴም ከዚያ የከፋ። ትናንት በቤቱ ጠይም የነበረ ልጅ ዛሬ በጋን "የተለየ" ሆነ ማለት ነው። መልኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ስም የሚያወጣለት ሰው ነው።

ለዚህ ነው ስለ ስዕል መጽሐፍ የምንናገረው። ልጅ ፊደል ከመለየቱ በፊት ስዕል ያነባል። ገጹን እየገለጠ ማን ዋና እንደሆነ፣ ማን ጥግ ላይ እንደቆመ፣ ማን ቆንጆ ተብሎ እንደተሳለ ያያል። መቶ መጽሐፍ አይቶ በአንዱም እሱን የሚመስል ልጅ ካላገኘ፣ ማንም ሳይነግረው "መጽሐፍ ውስጥ የሚገባ ሰው እንደኔ አይደለም" ይላል። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ የልጆችን መጽሐፍ በመስተዋትና በመስኮት መስለውታል። መስተዋት ሲሆን ልጁ ራሱን ያይበታል፤ መስኮት ሲሆን የሌላውን ሰው ኑሮ ያይበታል። ልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል። መስኮት ብቻ ያለው ቤት የሚኖር ልጅ የራሱን ፊት አያውቅም። መስተዋት ብቻ ያለው ልጅ ደግሞ በዓለም ላይ ከሱ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ናንሲ ላሪክ የተባሉ ሴት በ1965 በአሜሪካ የመጽሐፍ ቆጠራ አወጡ። ከ1962 እስከ 1964 ከታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍት መካከል አንድ እንኳ ጥቁር ሰው ያለባቸው 349 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሰባት አይሞላም ማለት ነው። ይህ ቆጠራ ከወጣ በኋላ በዚያ አገር ብዙ ወላጆች፣ አስተማሪዎችና ደራሲዎች ሥራ ጀመሩ። ዛሬ "የተለየህ መሆንህ መልካም ነው" የሚሉ የስዕል መጻሕፍት በየአገሩ አሉ፤ በዕብራይስጥም በጋን መደርደሪያ ላይ ሞልተዋል።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለን። መጻሕፍቱን ሰብስበን ስናነባቸው ግን ሁሉም አንድ እንዳልሆኑ አየን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፦ በዚህ ታሪክ መጨረሻ የሚለወጠው ማን ነው? የተለየው ልጅ ነው ወይስ ሌሎቹ?

ከድሮው እንጀምር። የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1843 ያሳተመውን የአስቀያሚውን የዳክዬ ጫጩት ተረት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሁሉም ያባርረዋል፣ ይነክሰዋል፣ ብቻውን ይከርማል። በመጨረሻ አድጎ ነጭ ባርቡር ይሆናል፤ እንደሱ ያሉ ባርቡሮችም ይቀበሉታል። ያምራል፣ ልብ ይነካል። ግን የነከሱት ዳክዬዎች ምን ተማሩ? ምንም። ጫጩቱ የተረፈው ቆንጆ ስለሆነና ዘመዶቹን ስላገኘ ነው። ይህን ለኛ ልጅ ስናነብ "ታገሥ፣ አንድ ቀን ትለወጣለህ" እያልነው ነው? የኛ ልጅ የሚለወጥበት ነገር የለም። ዛሬ እንዳለ ቆንጆ ነው።

ሁለተኛው የስዊዘርላንዱ ማርከስ ፊስተር በ1992 ያሳተመው የባለ ቀስተ ደመናው ዓሣ ታሪክ ነው። ገላው በሚያብረቀርቅ ቅርፊት የተሸፈነ ዓሣ አለ፤ ኩሩ ስለሆነ ጓደኛ የለውም። በኋላ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ነቅሎ ለሌሎቹ ያድላል፣ አንድ ብቻ ይቀርለታል፣ ጓደኛም ያገኛል። መካፈልን ለማስተማር ጥሩ ነው፤ ልጆቹም የሚያብረቀርቀውን ገጽ መዳበስ ይወዳሉ። ነገር ግን ከገላው ላይ እየነቀለ ሰጥቶ ነው የተወደደው። ወገኖቻችን፣ ይህን ታሪክ እኛ በኑሯችን እናውቀው የለም ወይ? ቋንቋውን ሰጠ፣ ስሙን ሰጠ፣ ዘፈኑን ሰጠ፣ አንድ ነገር ቀረለት፤ ያኔ "ጎበዝ፣ ተዋሐድክ" ተባለ።

ሦስተኛው ኤልመር ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ማኪ መጀመሪያ በ1968፣ ኋላም በአዲስ መልክ በ1989 ያሳተመው ነው። ኤልመር እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ በየቀለሙ የተሠራ ዝሆን ነው። ሌሎቹ ዝሆኖች ሁሉ ግራጫ ናቸው። አንድ ሌሊት "የሚስቁት እኮ የተለየሁ ስለሆንኩ ነው" ብሎ ያስባል፤ ሄዶ በፍሬ ጭማቂ ገላውን ግራጫ ይቀባል። ተመልሶ በመንጋው መካከል ሲቆም ማንም አያውቀውም። ሁሉም ዝም ብሏል፣ ደስታ የለም። ሳቁ ከውስጡ ሲያመልጠው ያውቁታል፣ ዝናቡም ቀለሙን ያጥበዋል። ደራሲው በአንድ ወቅት እንደተናገረው፣ ከሕንድ ወገን ከሆነችው ሚስቱ የወለዳት ልጁ በመንገድ ላይ ስለ ቆዳዋ ቀለም ተሰድባለች፤ ኤልመርን ለመጻፍ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ያ ነበር። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ከአባት ልብ የወጣ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ልጆቻችን ኤልመር ራሱን የሚቀባበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። "ጼቫ ጉፍ" የምትፈልገዋ ልጅም እዚያ ገጽ ላይ ዝም ብላ ቆይታለች።

ስለ ኤልመር አንድ ነገር ግን እናንሣ። በመጨረሻ ዝሆኖቹ በዓመት አንድ ቀን በየቀለሙ ተቀብተው በዓል ያደርጋሉ። አንድ ቀን ብቻ። ይህን ስናነብ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ስግድ ነው። ክኔሴት በ2008 ባወጣው ሕግ ስግድ የመንግሥት በዓል ሆኗል፤ ይህ የቄሶቻችንና የሽማግሌዎቻችን ድካም ፍሬ ነው፣ ክብር ይግባቸው። በሕሽዋን 29 ቀን በየጋኑ እናቶች ይጠራሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ልጃችን ፊት ለፊት ይቀመጣል። ደስ ይላል። በማግስቱስ? በማግስቱ መደርደሪያው ያው ነው፣ እርሳሱም ያው ነው። በዓል በዓመት አንዴ ይበቃል፤ ልጅ ግን መልኩን የሚለብሰው በየቀኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን መጽሐፍ እንምጣ። በ100 ሼቄሉ ላይ ምስሏ ያለው ሴት ማን እንደሆነች ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ሌአ ጎልድበርግ ናት። እሷም ዖላ ነበረች፤ በ1935 ነው ከሊቱዌኒያ የመጣችው። "ዲራ ለሀስኪር" የተባለውን፣ ማለትም "የሚከራይ ቤት" የሚለውን የልጆች መጽሐፍ የጻፈችው እሷ ናት። እዚህ አገር አድጎ ይህን መጽሐፍ የማያውቅ የለም። ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ አለ፤ በየፎቁ ዶሮዋ፣ ጥቁሯ ድመትና ሌሎችም ይኖራሉ። አይጡ ለቅቆ ስለሄደ አንድ ቤት ይከራያል። ቤቱን ለማየት እንስሳት በየተራ ይመጣሉ፤ ሁሉም ቤቱን ይወዱታል፣ ጎረቤቶቹን ግን አይወዱም። ከነሱ አንዱ ነጭ አሳማ ነው። "እኔ የነጭ ዘር ሆኜ ከጥቁር ድመት ጋር እንዴት እኖራለሁ" የሚል ነገር ይናገራል። ጎረቤቶቹ ምን አደረጉ? ድመቷን "ቻይው" አላሏትም። ቀለም ቀቢ አላሏትም። አሳማውን ነው "ሂድ፣ አንተም ለኛ አትሆንም" ያሉት። በመጨረሻ እርግብ ትመጣለች። ቤቱ አይመቻትም፣ ጎረቤቶቹን ግን ትወዳቸዋለች፤ ገብታም በሰላም ትኖራለች።

ይህ ነው እኛ የፈለግነው። ድመቷ ምንም አልተለወጠችም። የተጠየቀው የተናገረው ነው፣ የወጣውም የተናገረው ነው።

ግን ይህ መጽሐፍ ለኛ ሌላም ጉዳይ አለው። ሌአ ጎልድበርግ ድመቷን የጠራችበት የዕብራይስጥ ቃል "ኩሺት" የሚል ነው። በሷ ዘመን ቃሉ ጥቁር ለማለት ብቻ ይውል ይሆናል፤ ዛሬ ግን በመንገድ ላይ ስድብ ነው። ጋኔኔቷ ያን ቃል ስታነብ ልጆች ዞረው ማንን እንደሚያዩ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ "መጽሐፉን እናስወጣው" ይላል። እኛ እንደዚያ አንልም። በንባብ ሰዓታችን ያን ቃል በ"ሽሖራ" እንተካዋለን፣ ታሪኩን ሙሉውን እናነባለን። ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ ቃሉ ከየት እንደመጣ እንነግራቸዋለን። ኩሽ በኦሪት የአገር ስም ነው፣ የክብር ስም ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 በዕብራይስጡ "ኩሺ" የተባለው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ኢትዮጵያዊ" ተብሎ ነው የተተረጎመው። በዘኁልቍ ምዕራፍ 12 ደግሞ ሙሴ ስላገባት ኩሺት ሴት ማርያም በነገር ተነሣች። ከዚያ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ የተቀመጠችው ማን ናት? ኩሺቷ አይደለችም። በለምጽ የተመታችው፣ ከሰፈር የወጣችው፣ የተናገረችው ማርያም ናት። ቄሶቻችን ይህን ከኛ በላይ ያስተምራሉ። እኛ የምንለው፣ ይህ ነገር ለአምስት ዓመት ልጅም ይገባዋል ነው።

አንድ መጽሐፍ ቀርቶናል። ከሁሉም በላይ ልጆቻችን የሚስቁበት እሱ ነው። በረዷማው ቀን ይባላል፤ በ1962 በኒውዮርክ ታተመ። ፒተር የሚባል ትንሽ ጥቁር ልጅ ጠዋት ሲነሣ ውጭው በረዶ ለብሷል። ቀይ ልብሱን ለብሶ ይወጣል። በረዶው ላይ በእግሩ መስመር ይሠራል፣ ዛፉን በዱላ ሲመታ በረዶው ጭንቅላቱ ላይ ይወርዳል፣ አንድ ድቡልቡል በረዶ ለነገ ብሎ በኪሱ ይዞ ቤት ይገባል። ሲፈልገው ኪሱ እርጥብ ብቻ ነው፤ ያዝናል። ሲነጋ ግን አዲስ በረዶ ወርዷል። ታሪኩ ይኸው ነው። ስለ ቀለሙ አንድ ቃል የለም። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አያዝንለትም፣ "የተለየህ ነህ፣ አትፈር" የሚለው የለም። ልጅ ነው፣ በረዶ ወረደ፣ ተጫወተ። አለቀ። በቀጣዩ ዓመት መጽሐፉ ካልዲኮት የተባለውን የአሜሪካ ታላቅ የስዕል መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። በ2020 የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዝገቡን ሲያይ፣ በታሪኩ ብዙ ጊዜ የተዋሱት መጽሐፍ ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ይህን መጽሐፍ የጻፈውና የሣለው ማን መሰላችሁ? ኤዝራ ጃክ ኪትስ የተባለ፣ ከፖላንድ ከመጡ ድሆች አይሁድ በብሩክሊን የተወለደ ሰው ነው። የትውልድ ስሙ ያዕቆብ ኤዝራ ካትስ ነበር። አይሁዳዊ ስም ይዞ ሥራ ማግኘት በከበደበት ዘመን ስሙን ለወጠ። በ1940 ከአንድ መጽሔት ላይ የአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶዎች ቆርጦ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀመጣቸው። የራሱን ስም የደበቀ ሰው፣ መጽሐፍ ሲጽፍ ያን ልጅ ከነመልኩ መካከል ላይ አቆመው።

እዚህ ላይ ስለ ስም እንድንናገር ፍቀዱልን። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር ሲገቡ ብዙዎቹ ማንም ሳይጠይቃቸው አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ዛሬ ከኛ ትውልድ አንዳንዶቹ የአማርኛ ስማቸውን መልሰው እየያዙ ነው። እስቲ አስቡት፣ የአራት ዓመት ልጅ በመጽሐፍ ውስጥ የአያቱን ስም የያዘ ልጅ ቢያገኝ፣ ያ ልጅም ጥርሱ ሲወልቅ፣ ብስክሌት ሲማር፣ ድመቱ ስትጠፋበት ቢያይ! ስለ ማኅበረሰባችን በዕብራይስጥ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት አሉ። እኛ ካገኘናቸው ብዙዎቹ ስለ ጉዞው፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ ስግድ ናቸው። ያስፈልጋሉ፤ የሞቱትን የማያውቅ ልጅ እንዲያድግ አንፈልግም። ግን ልጅ ራሱን በመጽሐፍ የሚያገኘው በረሃ ሲያቋርጥ ብቻ መሆን የለበትም። በረዶም ይውረድለት።

ይህን ሐሳብ ለወላጆች ስናቀርብ አንድ አባት ተነሥተው ተቃወሙን። "እኛ ያለ ስዕል መጽሐፍ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን? ልጁ ምንም ሳያውቅ 'አንተ የተለየህ ነህ' እያላችሁ ጭንቅላቱ ውስጥ ለምን ታስገባላችሁ? ሂሳብ አስተምሩት" አሉን። እውነት ለመናገር ክብደት ያለው ነገር ነው የተናገሩት። እሳቸው ባደጉበት መንደር ልጅ ዞር ባለበት ሁሉ የሚያየው እሱን የሚመስል ሰው ነበር፤ መንደሩ ራሱ መስተዋት ነበር። እዚህ ግን እንደዚያ አይደለም። ልጁም "ምንም ሳያውቅ" የሚቆየው እስከ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ይነግረዋል። ጥያቄው ይነገረው ወይስ አይነገረው አይደለም፤ መጀመሪያ የሚነግረው ማን ነው የሚለው ነው። በአያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይስማው ወይስ በጋን ግቢ ከተጣላው ልጅ?

እኚሁ አባት ቀጥለው "እሺ፣ ግን እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም" አሉ። ከሁሉ ያዘንነው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅና አያት ይህን ብሎ መጽሐፉን ለልጁ ትቶ ይነሣል። ከ2009 ጀምሮ "ሲፍሪያት ፒጃማ" በጋን በኩል ለልጆች መጽሐፍ በነፃ ያድላል፤ መጽሐፉ ከልጁ ቦርሳ ጋር ቤታችሁ ይገባል። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ያ መጽሐፍ የናንተም ነው። ስዕል ፊደል አይጠይቅም። ልጁን አስቀምጡ፣ ገጹን ግለጡ፣ በአማርኛ "ምን ታያለህ? ይሄ ማን ነው? ለምን ያለቅሳል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" በሉት። ልጁ በዕብራይስጥ ከመለሰ አትቆጡት፤ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። እናንተ እኮ በምሽት እሳት ዳር "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። የመጽሐፉን ታሪክ ባታውቁት ከስዕሉ ሌላ ታሪክ አውጡለት። እንዲያውም ከዚያ የሚጣፍጥ ይወጣችኋል።

በአማርኛ የተጻፈ የስዕል መጽሐፍም አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ተሰድዶ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ፣ ከየቋንቋው መጽሐፍ ሲኖር ከአማርኛ አለመኖሩን አየ። በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነስዕሉ አሳተመ። በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። አንድ ሰው "የለም" ብሎ አልተቀመጠም፤ ሠራው። እኛ እዚህ ስንት ነን?

አንድ የሚያስቸግር ነገር ሳንናገር ብንወርድ ደግሞ ልክ አይሆንም። ከውጭ የሚመጣውን ብቻ አንክሰስ። በገዛ ቤታችንም ሕፃን ሲወለድ "ቀይ ነው? ሉጫ ነው ጸጉሩ?" ብለን የምንጠይቅ አለን። ጠቆር ያለውን ልጅ ለቀልድ ብለን ስም የምናወጣለት፣ ከርዳዳ ጸጉሯን ስናበጥር "ይሄ ጸጉር ምን ይሻለዋል" እያልን ሹሩባ የምንሠራላት አለን። በአገር ቤት የነበረውን ሰውን ዝቅ የሚያደርግ ስምም ይዘነው የመጣን አለን። የአምስት ጣት ርዝመት እኩል አይደለም እንላለን፤ ግን አንዱን ጣት ከሌላው እናበላልጣለን። ልጅ ይህን ሁሉ ይሰማል። በጋን የሰማው ስድብና በቤት የሰማው ቀልድ ከተገናኙ፣ የትኛውም መጽሐፍ አያድነውም። ማታ ኤልመርን አንብበንለት ጠዋት በመልኩ ብንቀልድበት፣ የሚያምነው ጠዋት የሰማውን ነው።

መጽሐፍ ስድብን አያስቆምም። የኛ ልጅ አንድ ቀን ያን ቃል ይሰማል፤ ይህን ማስቀረት አንችልም። መጽሐፉና በጭን ላይ የተነገረው ታሪክ የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው። ያን ቃል ሲሰማ "እውነት ይሆን እንዴ?" እንዳይል፣ "ይሄ ልጅ እንደዚያ አሳማ ነው" እንዲል ያደርጉታል። ሌላውም ልጅ፣ የሩሲያው፣ የሞሮኮው፣ እዚሁ የተወለደው፣ እንደነዚያ ጎረቤቶች ተነሥቶ "አንተ ነህ ለኛ የማትሆነው" ማለትን ይለምዳል። መጽሐፉ ለሱም ነው። እንዲያውም ከኛ ልጅ ይልቅ ለሱ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

ወላጆቻችን፦ በሳምንት አንድ ማታ፣ ዓርብ ከቂዱሽ በኋላም ቢሆን፣ አንድ መጽሐፍ ግለጡ። ስልኩን አስቀምጡ። አማርኛችሁን አትፈሩ። ልጁን ደግሞ በየዕለቱ በመልኩ አመስግኑት፤ "የኔ ጠይም" በሉት።

በጋንና በትምህርት ቤት የወላጆች ቫዓድ ውስጥ ያላችሁ፦ መደርደሪያውን እዩ። በስግድ ቀን ብቻ ሳይሆን በተራ ሰኞ ሄዳችሁ "እስቲ ልጄን የሚመስል ልጅ ያለበት መጽሐፍ አሳዩኝ" በሉ። በቁጣ አይደለም፣ በትሕትና፤ ግን መልስ ሳታገኙ አትመለሱ። የእርሳሱንም ነገር አንሡ። "ጼቫ ጉፍ" ሲባል "የማን ጉፍ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እናንተ የኛ እኩያዎች፣ ወጣቶች፦ ሁለት ቋንቋ አለን። ወላጆቻችን አማርኛውን ጠብቀው ሰጡን፣ ትምህርት ቤት ዕብራይስጡን ሰጠን። ይህ ሸክም ብቻ የሚመስለን ጊዜ ነበረ፤ በየሚስራዱና በየቁፓት ሖሊሙ ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ያደግን ነን። አሁን ግን በሁለቱ ቋንቋ አንድ ነገር እንሥራ። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበራችን ከአያቶቻችን ተረት በድምፅ ይቀዳል፤ መሣል የሚችል ይሥላል፣ መጻፍ የሚችል በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ይጽፋል። በማትናስ ማተሚያ አትመን በእጃችን እንሰፋዋለን። ሽልማት አንጠብቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የልጆቹን የቀለም ሳጥን በተመለከተ አንድ ነገር ጀምረናል። በንባብ ሰዓታችን "ጼቫ ጉፍ" የሚባል እርሳስ የለም። ያ እርሳስ "ኮክ" ተብሏል። ቡናማዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን በአማርኛ ስም አውጥተንላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከሩሲያ ወላጆች የተወለደ አንድ ልጅ ጓደኛውን ለመሣል ፈልጎ "ጠይሙን አቀብሉኝ" አለን። በአማርኛ ነው ያለው፤ ሌላ ስም እንዳለው አያውቅም።